ድምፄን የት አደረጋችሁት?

ዛሬ ስለ ሞባይል አፕሊኬሽን እናወራለን። "አንበሳሜ ተቀምጣችሁ ስለ አፕሊኬሽን?" ብላችሁ ፈገግ የምትሉ እንደማትጠፉ እናውቃለን። አዎ፣ አንበሳሜ ተቀምጠን። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር ስትሄዱ ሐሙሲት ላይ ወደ ቀኝ ታጥፋችሁ የምታገኟት የደራ ወረዳ ከተማ። ኔትወርኩም መብራቱም ባለበት አገር ሁሉም አፕሊኬሽን ጎበዝ ነው፤ የትኛው ለክፉ ቀን እንደሚሆን የሚለየው እኛ ጋ ነው።

እኛ ማለት አምስት የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች ነን። ሦስት ሴቶች፣ ሁለት ወንዶች። ከመካከላችን አንዷ ጋዜጠኝነት ተምራ ስለተመለሰች "እናንተማ ካሜራ ታውቃላችሁ" ተብለን የደብሩ ቪዲዮ አንሺዎች ሆነን ተሹመናል። ካሜራ ግን የለንም። ያለን ስልክ ነው፤ ያውም አንደኛው መስታወቱ የተሰነጠቀ።

እናላችሁ ነገሩ የጀመረው ጥር 21 ቀን 2015 ዓ.ም. ነው። አስተርዮ ማርያም እሑድ ዋለች። ሌሊቱን ማኅሌት ተቁሞ አደረ። ሊነጋ ሲል የኔታ፣ ዕድሜያቸው ሰማንያን የተሻገረው የደብራችን መምህር፣ መቋሚያቸውን ተደግፈው መወድስ ዘረፉ። መወድስ ስምንት ቤት ያለው የቅኔ ዓይነት ነው። የቆሎ ተማሪ ሁለት ቤት ካለው ከጉባኤ ቃና ተነሥቶ ደረጃ በደረጃ ወደ እርሱ እስኪወጣ ስንት ቁራሽ እንደሚለምን፣ ስንት ውሻ እንደሚያባርረው ቤቱ ይቁጠረው። ቅኔ ደግሞ እንደ መዝሙር አይደገምም። ለዚያች ቀን፣ ለዚያ በዓል አዲስ ሆኖ ይፈጠራል፤ ነገ ሌላ ነው። የሰማ ሰማ።

እኛ ሰምተናል። ቀርጸናልም። አርባ ደቂቃ ያህል።

ታዲያ ምን አደረግንበት? ቁጭ ብለን "አሳመርነው"። ከአርባው ደቂቃ በጣም የሚያምረውን መረጥን፦ በምሥራቁ በር የገባችው የማለዳ ፀሐይ የኔታ ጥምጥም ላይ አርፋለች፣ የዕጣን ጢስ ይታያል፣ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። በግማሽ ፍጥነት አዘገየነው። ቀለሙን ወርቅማ አደረግነው። ከሥሩ ስልካችን ላይ የነበረ የበገና መዝሙር አስገባንበት፤ የየኔታ ድምፅ ከበገናው ጋር ስለተጋጨብን ዜሮ አደረግነው። 47 ሰከንድ። ለቀቅነው። ወዳጆቻችን፣ ያን ያህል የተወደደ ነገር ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም ሠርተን አናውቅም! ከባሕር ዳር እስከ ዋሽንግተን "እልልል" ተባለ።

በሳምንቱ ሠርግ ነበር። ስልኩ "ቦታ የለኝም" አለ። ዋናውን አርባ ደቂቃ አጠፋነው። ቪዲዮው ተጭኗል አይደል?

ወሩ ሳይሞላ ከተማሪዎቻቸው አንዱ ያችን 47 ሰከንድ ለየኔታ አሳያቸው። ስልኩን ተቀበሉት፤ ዐይናቸው ደክሟልና ጠጋ አድርገው አዩት። ቀጥሎ ወደ ጆሯቸው አስጠጉት። እኛ ምርቃት ስንጠብቅ ቆመናል። እስኪያልቅ ሰሙና ቀና ብለው፣

"በገናው መልካም ነው ልጆቼ። ድምፄን የት አደረጋችሁት?" አሉን።

ቁጣ የለበትም። የጠየቁት እቃቸውን አውሶ እንደሚጠይቅ ሰው ነው። እኛ ምን እንመልስ? "የኔታ፣ አጠፋነው" አልን። ዝም አሉ። "እባክዎ ይድገሙልን" ስንላቸው ራሳቸውን ነቀነቁ። "ቅኔ ይደገማል እንዴ? የዚያን ቀን ነበረ፤ አለቀ።"

ስለዚህ ይህ ጽሑፍ "አሥር ምርጥ አፕሊኬሽኖች" የሚሉት ዓይነት አይደለም። ከዚያች ጥያቄ በኋላ በስልካችን ላይ ያስቀረናቸውንና ያጠፋናቸውን ነው የምንነግራችሁ። በየደብሩ ስልክ የያዘ ወጣት አለ፤ የእኛ ስሕተት ለእናንተ ትምህርት ቢሆን ብለን ነው።

ከሁሉም በፊት የሚመጣው ግን ፕሌይ ስቶር ላይ የለም፤ ፈቃድ ይባላል። እኛ መጀመሪያ ስንቀርጽ ማንንም አልጠየቅንም። ሁለተኛ ጊዜ ግን ከየኔታም ከደብሩ አስተዳዳሪም ዘንድ ቁጭ ብለን ጠየቅን። ቤተ ክርስቲያናችን እንደምታውቁት ሦስት ክፍል አላት፤ ቅኔ ማኅሌት፣ ቅድስት፣ መቅደስ። ስልክ ከቅኔ ማኅሌቱ እንዳያልፍ ተባለ። ሥጋ ወደሙ ሲፈተት ካሜራ ይዘጋ ተባለ። ሰው ሲሰግድና ሲያለቅስ ፊቱን አታንሡ ተባለ። እኛ ሴቶቹ ደግሞ ካህናቱ በሚያሸበሽቡበት መካከል ገብተን ስልክ አንደግንም፤ የምንቆመው በሴቶች በር በኩል ነው። ይህ መጀመሪያ እንቅፋት መስሎን ነበር። በኋላ ግን ትልቁን ነገር ያስተማረን እርሱ ሆነ፦ ምስሉን የሚያነሣው ስልክና ድምፁን የሚቀዳው ስልክ አንድ መሆን የለባቸውም።

ለምን? ስልክ መጀመሪያ የተሠራው ለወሬ ነዋ! ድምፅ ሲበዛበት ራሱ ይቀንሳል፤ ሲያንስበት ራሱ ይጨምራል። ለወሬ ጥሩ ነው። ለማኅሌት ግን መከራ ነው። ከበሮው በተመታ ቁጥር ስልኩ ደንግጦ ሁሉንም ድምፅ ዝቅ ያደርገዋል፤ የመሪጌታው ዜማ አብሮ ይሰጥማል። ከበሮው ዝም ሲል ደግሞ ሳሉ፣ የሕፃኑ ልቅሶ፣ ውጭ የሚያልፈው ባጃጅ ጎልቶ ይመጣል። የብዙ የበዓል ቪዲዮ ድምፅ ትንፋሽ እንዳጠረው ሰው ከፍ ዝቅ የሚለው በዚህ ምክንያት ነው።

እኛ አሁን ለድምፅ ብቻ አንድ ስልክ እንመድባለን። የተሰነጠቀውን! ለድምፅ መስታወት አያስፈልገውም። ኢዚ ቮይስ ሪኮርደር የሚባለውን ጭነንበታል፤ ኢንተርኔት አይጠይቅም፤ ዋቭ በሚባለው ባልታመቀ ዓይነት ይቀዳል። ስልኩን አንድ ዲያቆን ይዞት ከመሪጌታው አጠገብ ይቆማል፤ ከከበሮው ይርቃል። ከተቻለ ደረት ላይ የምትሰካ ባለ ሽቦ ትንሽ ማይክ ትጨመራለች። አንድ ምክር እነሆ፦ ማኅሌት በቁም ዜማ ይጀምራል፤ ያኔ መሣሪያ የለም። ቀጥሎ በመቋሚያ ዝማሜ፣ ከዚያ መረግድ፣ ከዚያ ጽፋት እያለ ይሞቃል። ስልኩን የሚያስቀምጥበትን ርቀት በቁም ዜማው ለክቶ እፎይ ያለ ሰው ጽፋቱ ላይ ሲደርስ ድምፁ ተሰነጣጥቆ ያገኘዋል። በጽፋቱ ለኩ።

"ዋቭ ቦታ አይበላም ወይ?" ትሉ ይሆናል። በአንድ ማይክ ሲቀዳ ለ1 ሰዓት 320 ሜጋባይት ገደማ ነው። ስድስት ሰዓት ቢቆም እንኳ 2 ጊጋባይት አይሞላም። በሙሉ ኤችዲ የተነሣ ቪዲዮ ግን እንደ ስልኩ ቢለያይም በደቂቃ 130 ሜጋባይት ሊደርስ ይችላል፤ ይህ ማለት በ1 ሰዓት ወደ 8 ጊጋባይት ነው። አያችሁ? እኛ ቦታ የበላብን መስሎን ያጠፋነው ድምፅ ከምስሉ አጠገብ ሲቀመጥ ምንም ማለት አልነበረም። ምስሉን ጥለን ድምፁን ማስቀረት እንችል ነበር። አላወቅንም።

ወደ ምስሉ እንምጣ። ከስልኩ ጋር የሚመጣው ካሜራ ለሰልፊ ጎበዝ ነው፤ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ግን ይምታታበታል። ጨለማው መካከል ጧፍ ሲያይ ይደነግጣል፤ ምስሉ ይበራል፣ ይጨልማል፣ ይደበዝዛል። ኦፕን ካሜራ የሚባለው ነጻ ነው፣ ማስታወቂያ የለውም፣ በቪዲዮው ላይ የራሱን ማኅተም አይለጥፍም። ብርሃኑንና ፎከሱን ቆልፎ ይይዝላችኋል። የድምፅ ምንጩን መምረጥም ያስችላል፤ ውጫዊ ማይክ ወይም ስልኩ ከፈቀደ "ያልተነካ" የሚለውን፣ ያንን ከፍ ዝቅ የሚያደርግ ብልጠት የሌለበትን ማለት ነው። ረጅም ቅጂን በመጠን እየከፋፈለ እንዲያስቀምጥም ማዘዝ ይቻላል፤ ባትሪ ድንገት ቢያልቅ ሁሉም አብሮ አይጠፋም። አደራ ስልኩን የአውሮፕላን ሞድ ላይ አድርጉት። ማኅሌት መካከል "የት ነሽ?" የሚል ስልክ ተደውሎ ቅጂው የተቋረጠበትን ቀን እኛ እናውቀዋለን።

አሁን ሁለት ፋይል አለን፤ አንድ ምስል፣ አንድ ድምፅ። እንዴት ይገናኛሉ? ፊልም ሠሪዎች ከመቅረጻቸው በፊት በእንጨት ሰሌዳ "ጧ!" የሚያደርጉት ለዚህ ነው። እኛ ሰሌዳ አያስፈልገንም፤ ከበሮ አለን! የመጀመሪያው የከበሮ ምት በሁለቱም ፋይል ላይ እንደ ሹል ጫፍ ተነሥቶ ይታያል፤ ጫፍና ጫፉን ማጋጠም ነው። በዐቢይ ጾም ግን ከበሮና ጽናጽል አይነሡም፤ ያኔ ከመጀመሩ በፊት ዲያቆኑ አንድ ጊዜ እጁን ያጨበጭባል። ማገናኘቱን የምንሠራው ቪኤን በሚባለው ማቀናበሪያ ነው፤ ያለ ክፍያ ማኅተም ሳይለጥፍ ያወጣል፣ ያለ ኢንተርኔትም ይሠራል። ካይንማስተር ጥሩ ነው፤ ካልከፈላችሁ ግን ስሙን ቪዲዮው ላይ ይጽፋል። ኢንሾት ለአጫጭር ነገር ቀላል ነው። ካፕካትን አንክድም፤ ያችን 47 ሰከንድ የሠራነው በእርሱ ነው፤ ችሎታውንም እናደንቃለን። ነገር ግን የቲክቶክ ባለቤት የሆነው የባይትዳንስ ልጅ ነውና ጌጣጌጡና ሙዚቃው አብዛኛው ከኢንተርኔት የሚወርድ ነው። ጥፋቱ ደግሞ የእርሱ አይደለም፤ ድምፁን ዜሮ ያደረገው የእኛ ጣት ነው።

ድምፅ ለማጽዳት ሌክሲስ ኦዲዮ ኤዲተርን እንጠቀማለን። ጫጫታ መቀነሻ አለው። ሲበዛ ግን መድኃኒቱ ራሱ በሽታ ይሆናል፤ ርክርኩ ላይ የሚንቀጠቀጠውን ድምፅ ጫጫታ መስሎት አብሮ ይልጠዋል፤ መሪጌታው ውኃ ውስጥ ሆኖ የሚያዜም ይመስላል። አሁን ትንሽ ብቻ ነክተን እንተዋለን። ሳል ካለ ይኑር። ሰው የቆመበት ሌሊት ነው።

ርክርክን ካነሣን አንድ የገረመንን እንንገራችሁ። በ16ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል የተባሉ ሊቃውንት የቅዱስ ያሬድን ዜማ በምልክት እንዲጻፍ እንዳደረጉ ይነገራል። ከፊደሉ ራስ ላይ የምታዩአቸው ትናንሽ ጭረቶች ናቸው፦ ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት፣ ሒደት፣ ቁርጥ እያሉ የሚሄዱት። እ.ኤ.አ. በ2005 አሥሩ ምልክቶች የዓለም ኮምፒውተር ሁሉ በሚጠቀምበት ዩኒኮድ ውስጥ ገብተዋል። ኮምፒውተሩ ያውቃቸዋል ማለት ነው። በስልካችን ላይ ባሉት የአማርኛ ኪቦርዶች ግን ፈልገን አላገኘናቸውም። ስለዚህ ግጥሙን ከቪዲዮው ሥር ስንጽፍ ምልክቱ ይቀርብናል። መላ አበጀንለት፦ የኔታ ሲፈቅዱ የድጓውን ገጽ በመስኮት ብርሃን ፎቶ አንሥተን መስመሩን ቆርጠን እናስገባዋለን። ለተመልካቹ ጌጥ ይመስለዋል፤ ለተማሪው ግን ትምህርት ነው።

እነዚያ ሊቃውንት ስልክ አልነበራቸውም፤ ጭንቀታቸው ግን ያው የእኛው ነበር፦ ድምፅ አፍ ላይ እንዳይቀር። ፈረንጆቹም ከኋላቸው መጥተው ደክመውበታል። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ ሥራ ከ8 ሺህ በላይ የብራና መጻሕፍታችንን በማይክሮፊልም አንሥቶ ቅጂው አሜሪካ ሚኒሶታ ድረስ ሄዶ ተቀምጧል። ኬይ ካውፍማን ሸለማይና ፒተር ጄፍሪ የተባሉ ምሁራን እ.ኤ.አ. ከ1993 እስከ 1997 የቤተ ክርስቲያናችንን ዜማ በሦስት ቅጽ አሳትመዋል። ያሬዳዊው ዜማ ግን የሚኖረው በየጉባኤ ቤቱ ነው፤ ዝማሬ መዋሥዕት ዙር አምባ፣ ድጓ ቤተልሔም፣ ሁለቱም እዚሁ ደቡብ ጎንደር ናቸው። ከምሁራኑ ማይክ ያልደረሰው የየገጠሩ የኔታ ስንት ነው? የእኛ ስልክ ግን በየቀኑ አጠገባቸው አለ። ያፈርነው ለዚህ ነው። ማይክ ሩቅ ሆኖብን አይደለም።

ቀጥሎ ማስቀመጥና ማካፈል። ሐምሌ 2015 ዓ.ም. መጨረሻ ላይ በክልላችን የሞባይል ኢንተርኔት ተቋረጠ፤ በየከተማው መመለስ የጀመረው በ2016 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ነው። አንድ ዓመት ገደማ! "ደመና ላይ አስቀምጡ" የሚለው ምክር ለእኛ የእውነት የደመና ወሬ ሆነ፤ የፎገራን ሜዳ አልፎ ይሄዳል እንጂ ወደ እኛ አይዘንብም። ያኔ ነው ያለ ኢንተርኔት የሚሠሩት የከበሩት። ዜንደር ከስልክ ወደ ስልክ ያስተላልፋል። በብዙዎቹ አንድሮይድ ስልኮች ላይ ያለው፣ ቀድሞ ኒርባይ ሼር ይባል የነበረው ክዊክ ሼርም እንዲሁ። ሚሞሪ ካርድ በሶፍት ጠቅልለን ወደ ባሕር ዳር በሚሄድ ሰው እጅ ልከናል፤ መንገዱ ሲዘጋ እየጠበቅን፣ ሲከፈት እየላክን።

ሕጋችን አሁን ይህ ነው፦ አንድ ቅጂ በስልክ፣ አንድ በሚሞሪ ካርድ፣ አንድ ደግሞ በሌላ ሰው ቤት። ሦስቱም ቦታ መድረሱን በጆሯችን ሰምተን ሳናረጋግጥ ማንም ምንም አያጠፋም። ሠርግም ቢሆን! ኢንተርኔት ሲኖር ቴሌግራም ያለ ክፍያ እስከ 2 ጊጋባይት የሚደርስ ፋይል ሳያመቅ ይልካል፤ "እንደ ፋይል" ብላችሁ ላኩት እንጂ እንደ ቪዲዮ ከላካችሁት ይጨምቀዋል። ዩቲዩብ ላይ ከ15 ደቂቃ የሚበልጥ ለመጫን አካውንቱን በስልክ ቁጥር ማረጋገጥ ይጠይቃል፤ ከስልክ በቀጥታ ለማስተላለፍ ደግሞ ቢያንስ 50 ተከታይ ይፈልጋል። የቀጥታ ስርጭቱ ግን እኛ ዘንድ የመጨረሻው ጉዳይ ነው። ቀጥታ የሄደ ነገር ኔትወርኩ ሲቆረጥ አብሮ ይቆረጣል። መጀመሪያ ይቀዳ፤ ሌላው ይደርሳል።

እናላችሁ በ2016 ዓ.ም. ዐቢይ ጾም፣ ኢንተርኔት በሌለበት፣ እንደገና ወደ የኔታ ሄድን። ፈቀዱልን። ቅድመ ሁኔታቸው ሁለት ነበር፦ መዝሙር አይደረብብኝ፤ መጀመሪያ ለተማሪዎቼ ስጡ፣ ከዚያ ለፈለጋችሁት። ጎጇቸው ውስጥ ተቀምጠው ከጾመ ድጓው አዜሙልን። ዲያቆኑ አጨበጨበ፤ ጀመሩ። ከበሮ የለም፣ ጽናጽል የለም፤ እርሳቸውና የጎጆዋ ዝምታ ብቻ።

ድምፁ ጥርት ብሎ ተቀዳ። ግን የጥር 21 ድምፅ አልነበረም። በመካከሉ በነበረው ክረምት ታመው ከርመዋል። ከፍ የሚለው ቦታ ላይ ሲደርሱ ያቆሙና "ይህችን እናንተ ሙሏት" ብለው ለተማሪዎቹ ይተዋሉ። ተማሪዎቹ ይሞላሉ። በዚያ ቅጂ ላይ የኔታ የሚያቆሙበትና ልጆቹ የሚረከቡበት ቦታ ይሰማል። ምንም አልቆረጥንም። ዛሬ ስድስት ተማሪዎች ስልክ ላይ አለ፤ እኛ የማናውቀው ሌላ ሰው ስልክም ላይ ይኖራል፤ ይኑር።

ባለፈው ክረምት ደግሞ ተማሪዎቹ አንድ ሐሳብ አመጡ። ያቺን 47 ሰከንድ አምጡ አሉን። ምን ሊያደርጉላት? የዚያን ቀን መወድሱን ከየኔታ አፍ የተቀበለው ደቀ መዝሙር ወደ ሌላ ጉባኤ ቤት ሄዷል። የቀሩት ግን እዚህም እዚያም ያስታውሳሉ። አፋቸውን እያየን እናገጣጥመው አሉ። እኛ ግማሽ አዘግይተነው ነበርና ቪኤን ላይ አስገብተን ወደ ትክክለኛ ፍጥነቱ መለስነው፤ 47 ሰከንዱ 23 ሰከንድ ተኩል ሆነ። በገናውን አጠፋንለት። ስድስት ልጆች ድምፅ የሌለው ስልክ ከብበው ከንፈር ሲያነቡ ዋሉ። አንዱ ቃል ይላል፤ ሌላው "አይደለም፣ ቤቱ ይሰበራል" ይላል። የኔታ ጥግ ላይ ተቀምጠው ዝም ብለው ይሰማሉ። ቅኔያቸውን አይደግሙም፤ ቃላቸው ቃል ነው። ግን አንዱ ልጅ አራተኛው ቤት ላይ አንዲት ቃል ሲስት ሳል ሳል አሉ። ልጁ ለወጠው። ድጋሚ ሳል አሉ። ሌላ ቃል ሞከረ። ሳሉ ቆመ።

በዚህ መንገድ ማታ ድረስ ከስምንቱ ቤት አምስቱ ተገኘ። አራቱ ከትዝታ፣ አንዱ ከከንፈር። በብዕር ጻፍነው፤ ፎቶ አነሣነው፤ ሦስት ቦታ አስቀመጥነው።

ሦስቱ ቤት የለም። እነርሱን የትኛውም አፕሊኬሽን አያመጣቸውም።

ወዳጆቻችን፣ ዛሬ ማታ ስልካችሁ "ቦታ የለኝም" ካላችሁ ከማጥፋታችሁ በፊት አንድ ጊዜ ክፈቱና ስሙት። የማን ድምፅ እንዳለበት አይታወቅም።

ቸር ይግጠመን!